ጀልባው በፈቃደ፣ ሞተሩ በዳምጤ እጅ ስለነበረበት ቀን

ለተከበሩ የጀልባና የሞተር ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ኅዳር 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ጋሞ ተራሮች የጸና፣ ወንበርዎም ከእርስዎ ቀድሞ የማያረጅ ይሁን።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለከተማው ሕዝብም አንድ ታላቅ ዜና በአክብሮት አበስራለሁ፦ ከፋሲካ ጀምሮ ጠፍቶብኝ የነበረው የጓሮ በር ቁልፍ ባለፈው ማክሰኞ በገዛ ኮቴ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ የሚስቅብኝ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በዝንጉነቴ ሲቀልድ የኖረው ዓሣ አጥማጁ ወዳጄ ኦይታ ነበር። እሱ ግን እንደሚያውቁት ጫሞ ሐይቅ ላይ ቀርቷልና ዜናውን ለእርስዎ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

አንደኛ፤ መሥሪያ ቤትዎ ኮምፒዩተር ስላስገባ አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙን የጻፈችው የልጄ ልጅ ለሊሴ ናት። እንደ ደንብዎ አድርጋ ጻፈችው፦ ዕቃ የሚያወጣ ሠራተኛ የዕቃውን መዝገብ ይቆልፋል፣ ሥራውን ሳይጨርስም አይለቅም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሠራተኞች በሁለት ኮምፒዩተር ተቀምጠው፣ አንዱ የጀልባውን መዝገብ ቆልፎ የሞተሩን ሲጠብቅ፣ ሌላው የሞተሩን ቆልፎ የጀልባውን ሲጠብቅ፣ ሁለቱም ማሽኖች ድርቅ ብለው ቀሩ። ያን ዕለት ያሳዩት ፍጥነት ዛሬም ይደንቀኛል፤ ምሳ ሳይደርስ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር።

ለሊሴ ግን «ማሽኑ አልታመመም አባባ፤ ሁለቱም ጨዋ ሆነው እየተጠባበቁ ነው» አለችኝ። መድኃኒቱም አንድ መስመር ሆነ፦ ማንም ሰው ሁልጊዜ ጀልባን አስቀድሞ፣ ሞተርን አስከትሎ ይቆልፍ፤ ጀልባውን ያላገኘ ሞተሩን አይንካ። ማሽኖቹ ከዚያ ወዲህ ቆመው አያውቁም።

ሁለተኛ፤ ይኸው ተራ በግምጃ ቤቱ የጀልባና የሞተር በሮች ላይም ይሠራበት ብላ ስታመለክት፣ «ማሻሻያው ለማሽኑ ተፈቅዷል፤ ሠራተኛን አይመለከትም» የሚል መልስ ስለሰጧት አመሰግናለሁ። ማኅተሙ እጅግ ያማረ ስለሆነ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ጥቅምት ሃያ ሁለት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ነፋሱ የኦይታን ታንኳ ገለበጠው። ነጭ ዓሣ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኝ ዳር ቆሜ ስጠብቀው ነበር። ሠራተኞችዎ አቶ ፈቃደ ለጀልባው፣ አቶ ዳምጤ ለሞተሩ ፈርመው እየሮጡ መጡ። ሁለቱም ሊያድኑት ነበር የመጡት፤ እግዜር ይመስክርላቸው። ነገር ግን የፈረሙበትን ዕቃ ለሌላ መስጠት በደንብዎ ያስጠይቃል። አብረው ለምን አልሄዱም የሚል አላዋቂ ቢኖር፣ ለአንድ ጉዞ ቅጹ የሚቀበለው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ ጀልባው ሞተር፣ ባለ ሞተሩ ጀልባ እየጠበቁ፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይለዋወጡ ቆሙ። እኔ በዚህ ጉልበቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመላለስኩ ለመንኩ። ኦይታ የተገለበጠ ታንኳውን በአንድ እጁ አቅፎ፣ በሌላው መቅዘፊያውን እያወዛወዘ፣ «ዛሬም ቁልፉን ጣልከው ወይ?» እያለ ሲስቅብኝ አየሁት። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አራተኛው አቤቱታ የኦይታ ሚስት የወርቂቱ ነበር። ምን ልጻፍልሽ ብላት ዝም አለች። ዝምታዋን በተራ ቁጥሩ መዝግበው ይያዙልኝ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ያችን የለሊሴን መስመር በሁለቱ በሮች ላይ ያስለጥፉልን። ገና ሐይቁ ላይ ያሉ ሰዎች አሉ።

ጀልባን አስቀድሜ፣ ሞተርን አስከትዬ፣ ተራዬን ጠብቄ እጅ የምነሳ፣
ወልደሥላሴ ጌታነህ፣ ከሲቀላ

ማሳሰቢያ፦ ኮሚቴዎ ለማጣራት እንዳይደክም፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለችውን አንዲት ሐሰት ራሴ ልናዘዝ። ኦይታ አልሳቀም። መቅዘፊያውም ከእጁ ከወጣ ቆይቶ ነበር። ስሜን ነበር የሚጠራው፤ እዳር ድረስ ይሰማ ነበር። ወርቂቱን ግን እየሳቀ ሄደ ብያታለሁ። እሷ ማንበብ አትችልምና፣ የሚያነብላት ሰው ፊርማዬ ላይ ያቁምልኝ። ይህችን መስመር እርስዎ ቆልፈው ያስቀምጡልኝ፤ በመቆለፍ የሚስተካከልዎ የለም።