ክምሩን ማን አጎደለው

ጭሮ፣ ማክሰኞ ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ዛሬ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። የግብርና ቢሯችን ግሪንሃውስ ቲማቲም ተለቅሞ ሲያልቅ ግንዱንና ቅጠሉን ቆራርጬ፣ ከጫት ተራ ከሰበሰብኩት ገራባ፣ ቃሚዎች ከሚጥሉት የጫት ትራፊ፣ ጋር ቀላቅዬ ለኮምፖስት ከምሬው ነበር። ክምሩ በየቀኑ ሲጎድል እንዴት ደስ እንዳለኝ። ለኃላፊዬ "እንዲህ ፈጥኖ የሚበሰብስ ክምር አይቼ አላውቅም፤ ምስጢሩ አከማመሩ ላይ ነው" አልኩት። እሱም ለመሰላ ወረዳ የግብርና ባለሙያዎች አወራላቸው፤ ነገ ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ።

ዛሬ ከምሳ በፊት ሙቀቱን ልፈትሽ ክምሩ መሃል የሰካሁትን እንጨት መዝዤ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው። ሳይሞቅ እንዴት ይበሰብሳል ብዬ ቆሜ ሳስብ፣ የጎረቤታችን የአዴ ዘይነባ ፍየሎች በአጥሩ ቀዳዳ ተከታትለው ገቡ። እንደ ባለቤት በቀጥታ ወደ ክምሩ ሄዱ። የቲማቲሙን ግንድ በአፍንጫቸው ገፋ እያደረጉ ገራባውን ብቻ ለቅመው በሉ።

አዴ ዘይነባን ጠርቼ አሳየኋቸው። ምንም አልደነገጡም። "ልጄ፣ ገራባ እኮ የፍየል ነው። ሜዳ ላይ ስትከምረው ማን የሚበላው መሰለህ?" አሉኝ። ወደ ማታ ግን አንድ ጆንያ የፍየል በጠጥ አሸክመው ላኩልኝ። ከክምሩ ጋር አገላብጬ ውሃ አጠጣሁት፤ ይህ ሳያሞቀው አይቀርም።

ከዚያ ቀዳዳውን ልደፍን እሾህ ይዤ ሄድኩና ተውኩት። እንግዶቹ የሚመጡት ፍጥነቱን ሊያዩ ነው። ፍየሎቹ ከቀሩ ምን አሳያቸዋለሁ?