አንድ ስንዝር ያጠረው መጋረጃ

በሰፈሩ ዘንድ «አባ ጥብቅ» እየተባሉ የሚጠሩት ወንድማችን ከሸማኔ አባታቸውና ከፈታይ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት የሽመና ዕቃው በቆመበት ክፍል ነው፤ እናታችን «ከእኔ ድምፅ በፊት የመወርወሪያውን ሰማ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደተማሩ አባታችን ስላረፉ ትምህርቱን ትተው በእሳቸው ቦታ ተቀመጡ። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ማጉን አጥብቀው ስለሚመቱ ነው። ጠባያቸውም ከሸማቸው የላላ አልነበረም፤ እኔ ታናሽ እህታቸው ምስክር ነኝ።

በ1975 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ሲሞላው የሙያ ጓደኞቻቸው አንድ በአንድ ሥራውን ተዉት። እሳቸው ብቻ ጥርሳቸውን ነክሰው ቀሩ። ልጃቸው በ2004 ዓ.ም. ዲዛይን ተምራ ስትመለስ፣ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ፣ በቅጠልና በሽንኩርት ልጣጭ ቀለም መጋረጃና የትራስ ልብስ እንሥራ አለች። ሸማ ለሰው ገላ እንጂ ለመስኮት አይሠራም ብለው ተቆጡ። አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙ። በመጨረሻ የተረቱት እሳቸው ናቸው፤ ይህ በዕድሜያቸው ብርቅ ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ከአንድ አዲስ ሆቴል መጣ። ከተሳካ የተበተኑት ሸማኔዎች ሊጠሩ፣ ካልተሳካ ልጃቸው ሌላ ሥራ ልትቀጠርና የሽመና ዕቃው ሊሸጥ ተነጋግረው ነበር። መጋረጃው ተሰቀለ፤ ያየው ሁሉ አደነቀ። ሆቴሉ ግን ከምረቃው በፊት አጠበው። ተመልሶ ሲሰቀል ሁሉም ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተገኘ። ወንድማችን ጥጥ ሲታጠብ እንደሚኮማተር ጠፍቷቸው አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት የሚለበስ ነበርና፣ ትንሽ ቢያጥር ማን በሜትር ይለካዋል? መስኮት ግን ይለካል።

ሆቴሉ የታገሠው እስከ ምረቃው ቀን ብቻ ነው። በቤቱ እህል ውኃ ያሰኘው ሰው አልነበረም። ልጃቸው የፋብሪካ ጨርቅ ገዝተን እንቀጥልበት ስትል፣ እሳቸው አስቀድሞ እንዲኮማተር ክር ማጠብ ጀመሩ። በታጠበው ክር ለእያንዳንዱ መጋረጃ ግርጌ የጎደለውን ስንዝር የሚሞላ ጠቆር ያለ ጥለት ሊሸምኑ ነው። ጊዜው ስለማይበቃ ልጃቸውን በሌላ የሽመና ዕቃ ላይ አስቀመጧት። የእሷ እጅ ላላ ይላል። የሠራችውን ፈቱባት፤ እያለቀሰች እንደገና ሠራች፤ አሁንም ላላ። በዋዜማው ለመፍታት ጊዜ አልነበረም። ጥብቁም ላላውም ጎን ለጎን ተሰፍቶ ተሰቀለ፤ ሆቴሉም ተቀበለ። ዛሬ እዚህ የቆሙት ሸማኔዎች የተመለሱት ከዚያ ወዲህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ያዛቸው። የጀመሩት የአልጋ ልብስ ግማሹ ላይ እያለ ጉልበታቸው ከዳቸው። ልጃቸው እንድትጨርሰው ሲጠይቋት፣ የእኔ እጅ ላላ ስለሚል መጋጠሚያው ይታያል ብላ ፈራች። ያን ጊዜ ነው «ይታይ። እኔ የት ላይ እንዳቆምኩ ይታወቅ፤ አንቺም ከየት እንደጀመርሽ» ያሏት።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። ሲለፋ የኖረ ገላቸውን አፈሩ አይክበደው፤ ነፍሳቸውንም ፈጣሪ ከደጋጎቹ ጋር ያስቀምጥልን።

ሳጥናቸው ላይ የተዘረጋው ያው የአልጋ ልብስ ነው። ልጃቸው ትናንት ጨርሳ ከዕቃው አወረደችው። ከወገባቸው በላይ ጥብቅ፣ ከዚያ በታች ላላ ያለ ነው። ክሩ አስቀድሞ ታጥቧል፤ አያጥርባቸውም።