በሄርሚኒያ ክንድ የላክሁት ቁጥር

ይድረስ ለልጄ ለዙልሚራ። እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። የወይራ ለቀማው አልቋል፤ የሚያፈሰውን ጣሪያም ወንድምሽ ጠግኖልኛል።

አንድ የማፍርበትን ነገር ልንገርሽ። ጤና ጣቢያው የሰጠኝ የደም ግፊት መለኪያ ቁጥሩንና የልብ ምቱን በቀጥታ ለነርሷ ለሉርደስ፣ ላንቺም እዚያው ሉክሰምበርግ ይልካል። የእኔ ቁጥር ከፍ ሲል ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ፈራሁ። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መለኪያውን በጎረቤታችን በሄርሚኒያ ክንድ ላይ አስር ነበር። እሷ እንደ በቅሎ ጠንካራ ናት ብዬ ነው።

ማክሰኞ ለክተን መለኪያውን ገና ከክንዷ ሳንፈታ ሉርደስ ደወለች። "እትዬ ዴኦሊንዳ፣ የልብ ምትዎ ተዛብቷል። ቁጭ ይበሉ፤ አምቡላንስ ልኬያለሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ክንዱ የእኔ አይደለም፤ የሄርሚኒያ ነው" አልኳት።

ሉርደስም "እንግዲያው እሷን ያስቀምጧት" አለች።

ሄርሚኒያ ተርፋለች። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃት፣ "አሁን ደግሞ ያንቺን ክንድ አውሺኝ" ብላ ሳቀችብኝ። ሰው "አዳንሻት" ሲለኝ ግን አንገቴን እደፋለሁ።

ዛሬ በራሴ ክንድ ለክቻለሁ። ቁጥሩን ስታዪ አትቆጪኝ፤ ብቻ ደውዪልኝ። ድንግል በጥላዋ ታኑርሽ።

እናትሽ ዴኦሊንዳ