የአስም ወረቀት

የካቲት 11
ዛሬም አንሶላ። ከሆስፒታሉ አርባ ከረጢት መጣ። ትልቁ ካውያ ሁለት ጊዜ ቆመ፣ እትዬ ሁለት ጊዜ ሰደበችው፣ ተነሣ። እትዬ የማጠቢያ ቤታችን አንጋፋ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት አጥባለች፤ ማሽኑ ራሱ ስድቧን ለምዷል። ሌላ የሚጻፍ የለም።

የካቲት 19
ያ የሚወራለት ተላላፊ በሽታ እኛም ከተማ ገባ። ሬዲዮው "የሞቱት ተጓዳኝ ሕመም የነበረባቸው ናቸው" ባለ ቁጥር ኃላፊያችን "ተመስገን!" ይላል። ምን ማለት ነው ተመስገን? ስኳር ያለበት ሰው ከሰው አይቆጠርም? አስጠላኝ። ግን ውስጤን ስፈትሸው... እኔንም ቀለል ብሎኛል። ይሄ ደግሞ የባሰ አስጠላኝ።

የካቲት 24
ኃላፊው ሰበሰበን። ከረጢት የሚከፈትበት፣ ደምና ትውከት ያለበት አንሶላ የሚለይበት ቆሻሻ ክፍል ለጤነኞች። የታጠበው የሚታጠፍበት ንጹሕ ክፍል ግን ስኳር፣ ግፊት፣ አስም፣ የልብ ሕመም ላለባቸው። ቦታው ስድስት ብቻ። "የሐኪም ወረቀት ያመጣ ይገባል" አለ። እውነት ለመናገር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በሽታው የሚጠናው እነሱ ላይ ነው።
ግን ወረቀት... እዚህ ቤት ተመርምሮ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

የካቲት 26
ጉድ ነው። በሁለት ቀን ግማሹ ሠራተኛ ታመመ። ትናንት ከረጢት በአንድ እጁ ሲወረውር የነበረው ሾፌር ዛሬ ልቡን ይዞ መጣ። በሽታ እንዲህ ሲወደድ አይቼ አላውቅም።
የእህቴ ባል ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የሚሠራው። ከሥራ ሲመለስ አንድ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ስሜ አለ፣ ማኅተም አለ፣ "አስም" ይላል።
"እኔ እኮ አስም የለብኝም።"
"እንዲኖርብህ ትፈልጋለህ? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ዝም ብለህ ሳል።"
ተቀበልኩት። ልጆቼን አስቤ... ነውር ስሠራ ሁልጊዜ ልጆቼን ነው የማስበው።

የካቲት 29
ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወረቀቱን ሰጠሁ። ስድስተኛው እኔ ሆንኩ። ቦታው ሞላ።
ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረችው እትዬ ናት። "ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቴን ይወቅረኛል፤ ዓይኔም ብዥ ይልብኛል" አለችው ለኃላፊው።
"ወረቀትስ?"
"የምን ወረቀት! የሚያመኝ ራሴን ነው እንጂ ወረቀቴን መሰለህ?"
ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቆሻሻ ክፍል ተመደበች።

መጋቢት 8
ሳጥፍ ዋልኩ። ሽታ የለም፣ ደም የለም። ሰው ባየኝ ቁጥር እስላለሁ። ትልቅ ሰውዬ! መስታወት ውስጥ ራሴን ሳየው ይቀፈኛል።
እትዬ አምናኛለች። እርጥቡን አንሶላ ከማሽኑ እስከ ክፍላችን በጋሪ የመግፋት ተራ የኔ ነበር። "ውይ አንተ ልጅ፣ በዚያ ደረትህ! ወዲያ በል!" ብላ ጋሪውን ከእጄ ቀማችኝ። እስከ በራችን ገፍታ አመጣችው። ከዚያ ጭንቅላቷን ይዛ ግድግዳ ተደገፈች። ላብ በላብ ሆናለች። ልንገራት? አፌን ከፈትኩ... ሳልኩ።

መጋቢት 13
ዛሬም የኔን ተራ ገፋችልኝ። ትናንትም።

መጋቢት 21
እትዬ አልመጣችም።

መጋቢት 26
ሞተች።
ከቆሻሻ ክፍል የታመሙት አራት ናቸው። ሦስቱ እያገገሙ ነው። እሷ ግን በአምስት ቀን... ሐኪሞቹ "ለዓመታት የቆየ ግፊት ነው፤ ልቧንም ኩላሊቷንም ጎድቶታል" አሉ አሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ግፊቷን አንድ ሰው ለክቶላት አያውቅም።
ኃላፊው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። "እንግዲያው ተጓዳኝ ሕመም ነበረባታ!" አለ። ልተፋበት ፈለግሁ። በየትኛው አፌ?

ሚያዝያ 3
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ነርስ መለኪያዋን ይዛ መጣች። ከቆሻሻ ክፍል ሁለት ሴቶች ግፊት ተገኘባቸው። አያውቁም ነበር።
የኔን ደረት ደጋግማ አዳመጠች። "አስም አለብህ ያለህ ማነው? ንጹሕ ነው እኮ! ደስ ይበልህ!" አለችኝ ጮክ ብላ። ሾፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ኃላፊው የያዘውን እስክሪብቶ ይፈልጋል። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ለካ ሁሉም ያውቅ ነበር... ከእትዬ በስተቀር። በጤንነቴ እንዲህ አፍራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሚያዝያ 5
የእትዬ ልጅ የእናቷን ጋውንና ጫማ ልትወስድ መጣች። ከቁም ሳጥኑ እያወጣሁ ሰጠኋት።
"ሰው ሁሉ ‘ምን ነበረባት?’ ይለኛል" አለች። "ግፊት ስላቸው እፎይ ይላሉ። እነሱ የለባቸዋ።"
ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።
"ከዚያ ክፍል የምትወጣበት ቦታ ነበር" አልኳት። "እኔ ያዝኩባት። በውሸት ወረቀት።"
ቀና ብላ አየችኝ።
"ባለ አስሙ አንተ ነህ?"
"አስም የለብኝም።"
"ሆስፒታል ተኝታ ‘ያ ልጅ ጋሪ እንዳይገፋ ንገሩልኝ’ ብላኝ ነበር። እሱን ልነግርህ ነበር የመጣሁት።"
ጫማውን በጋውኑ ጠቅልላ ወጣች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

ሚያዝያ 6
ወረቀቱን ኃላፊው ፊት ቀደድኩት። "አጉል ጀግና አትሁን" አለኝ። ጀግና! ግፊት ከተገኘባቸው ሴቶች አንዷ በኔ ቦታ ገባች። ሁለተኛዋ አሁንም ቆሻሻ ክፍል ናት፤ ሾፌሩ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ልቡን እንደያዘ ነው።
እኔ ጓንት አድርጌ ከረጢት ስከፍት ዋልኩ። ሁለቴ አስመለሰኝ። ከሰዓት ጋሪውን ገፋሁ። እርጥብ አንሶላ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።