በመቀስ የተቆረጠ ፕላስተር

ጥቅምት 4 ቀን 2015
ከጭልሞ ሁለት ኬሻ ጌሾ ገባ፤ ከእጃጂ አንድ። ለየሁ፣ መዘንኩ፣ መዘገብኩ። አዲሷ ልጅ፣ መቲ፣ ዐይኗን ጨፍና አንድ ቅጠል አሸት አሸት አደረገችና አሸተተችው። "ይቺ የእጃጂ ናት፣ አዴ ውባየሁ።" ልክ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ጌሾ ስለይ ኖሬ እኔ አሁንም መዝገብ አያለሁ... እናቷ ጠላ ሻጭ ናቸው አሉ።

ጥቅምት 9
የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ቀንዓ ዛሬም "መቲ፣ የቱ ይሻላል?" እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ። የቅምሻ ቡድን መሪ ሊመርጡ ነው። ቦታው የኔ ነበር... ነበር?

ጥቅምት 11
ጠላውን በሁለቱ ጌሾ ለየብቻ የጠነሰሰችው መቲ ናት። የየት እንደሆነ ለመለየት ገንቦዎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ጽፋለች። ፕላስተሩን እንኳ በጥርሷ ነው የምትቆርጠው። ስትቀዳም መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፣ እንደ ሰርግ ቤት።
"እዚህ ላብራቶሪ ነው" አልኳት።
"ሳልቀምስ ብሰጥ ማን ያምነኛል?"
ሁሉ ነገሯ ያስቀናኛል።

ጥቅምት 20
አደረግኩት። ምሳ ሰዓት፣ ማንም የለም። የጭልሞን ስም እጃጂው ላይ፣ የእጃጂን ጭልሞው ላይ። የድሮው ፕላስተር አልጣበቅ ስላለ በአዲስ ጻፍኩ፣ የእጅ ጽሑፏን አስመስዬ። ነገ ጽሑፉን አንብባ ለዶክተር ቀንዓ ታቀርባለች። ሲቀምሱ ይለዩታል። አፍንጫዋን እናያለን...

ጥቅምት 21
መዳፏን ረስቼዋለሁ!
ቀማሾቹ ፊት ቀዳች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች። ፕላስተሩን በጣቷ ዳበሰችው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው... እኔ ሁሌም በመቀስ ነው የምቆርጠው። ቀና ብላ አየችኝ። አለቀልኝ አልኩ።
"ዶክተር፣ ስማቸው ተቀያይሯል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"
የዶክተር ቀንዓ ፊት ጠቆረ። መሪነቱን እዚያው ለእኔ ሰጡ። ይኸው፣ የፈለግኩት። ታዲያ ለምን አልዋጥልኝ አለ? ብታጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ደግሞ በደግነቷ ቀናሁባት።

ጥቅምት 24
ለዶክተር ቀንዓ ሄጄ ተናገርኩ። መሪዋ መቲ ሆነች፤ እኔ ቀጂ። ቅናቱ? አለ፣ የት ይሄዳል።
ዛሬ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእሷ ቀዳሁ። እጇን ዘረጋች።
"ቆይ" አልኳት።
መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እሷ ፊት ቀመስኩ። ከዚያ ሰጠኋት።