በራዚያ ካርድ ላይ በቀይ ስለተጻፉት ሁለት ቃላት

ሐይቅ፣ ሰኔ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ መልከ ጼዴቅ፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የካርድ ክፍልዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ራዚያም ከሳንባ ምች ድናለች፤ የዳነችው ደሴ ሄዳ መሆኑን ባነሳ ቅር እንደማይሰኙብኝ አምናለሁ። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው፤ ምስጋናው ስለበዛ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

1. የዛሬ ሦስት ዓመት ራዚያ በጤና ጣቢያችን የታዘዘላትን ኮትሪሞክሳዞል ወስዳ ሰውነቷ ሽፍ ሲልና ከንፈሯ ሲያብጥ፣ ባለሙያው መድኃኒቱን ወዲያው አስቁሞ ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «መድኃኒት አይስማማትም» ብሎ ስለጻፈ አመሰግናለሁ። የትኛው መድኃኒት እንደሆነ አልጻፈም፤ ቀለም ለመቆጠብ ይሆናል።

2. ባለፈው ግንቦት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና በትኩሳትና በውጋት ስትመጣ፣ ተረኛዋ ነርስ ደረቷን አዳምጣ በሽታውን በትክክል ስላወቀች፣ አሞክሲሲሊን ልትጽፍላት ጀምራም ቀዩን ጽሑፍ ስታይ ስለተወችው አመሰግናለሁ። ራዚያ እያሳለች «እህቴ፣ ያሳከከኝ ያኛው ነው፤ ይኸንንማ አምና ለጥርሴ ውጬው ምንም አልሆንሁ» ብትልም፣ የካርዱ ቃል እንደሚበልጥ በትሕትና ተነግሯት፣ ፓራሲታሞልና «ውኃ በብዛት ጠጪ» የሚል ምክር ይዛ ተመለሰች። ፓራሲታሞልም መድኃኒት መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም። ውኃውን እንኳ የሐይቅ ሰዎች ነንና አላጣነውም። በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ ሲያጥራት በሚኒባስ ደሴ አደረስኋት። የደሴው ሐኪም «የትኛው ነበር? ምን አደረገሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ ሁለቱ መድኃኒቶች ዘራቸው የተለያየ መሆኑን፣ አንዱ ያልተስማማው ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ ሌላውን እንደማይከለከል አስረዳን፤ በመርፌ ጀምሮም በአሞክሲሲሊን ጨረሰላት።

3. ሐኪሙ ያልተስማማትን መድኃኒት ስም ጠቅሶ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጥቶን ነበር። ወደ ካርድ ክፍል ስወስደው ሠራተኛዎ ኑርዬ «ሙዘይን ወንድሜ፣ በቀይ የተጻፈ አልነካም፤ የጻፈው ራሱ መጥቶ ያርመው» በማለት ስለመለሰኝ አመሰግናለሁ። የጻፈው ባለሙያ ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወረ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ክቡር ሆይ፣ ራዚያ አላህ ካለ በመጪው ወር ትወልዳለች። ከወሊድ በኋላ ትኩሳት ቢነሳባት ደሴ እስክንደርስ የሚጠብቅ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋ አልጠይቅም፤ ያ መድኃኒት ዳግመኛ ሊሰጣት አይገባም። የምለምነው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ባለሙያ ወረቀቱን አይቶ «ኮትሪሞክሳዞል» ብሎ ይጨምርላት። ሌላውም ታማሚ ሲመጣ የትኛው መድኃኒት ምን እንዳደረገው ይጠየቅ።

ለካርድ ያለዎትን ክብር ለባለ ካርዱም እንዲያካፍሉ በመመኘት፣ ለጤናዎና ለሥልጣንዎ ዕድሜ እየለመንሁ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ሙዘይን፣ የራዚያ ባለቤት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ራዚያ ይህን አንብባ «ሰውየውን አታስቀይመው እንጂ፤ የምወልደው እኮ እዚያው ነው!» ስላለችኝ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰርዤ አስተካክያለሁ። ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ ከሌላ ወረዳም ማንንም አላስጠራሁም።