በዕለቱ ስላልነበረችው እጄ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ፤

«ሆስፒታላችን» ብዬ ስለደፈርኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ የእናንተ ማለቴ ነው። ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም የሁለቱም እጆችዎ ጤና፣ የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት በጊዜያዊነት የሠራሁ፣ ወጣቶቹ «እትዬ ጊዜያዊ» የሚሉኝ ሴት ነኝ። ትናንት ለደረሰኝ ደብዳቤዎ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድኩ።

፩ኛ. በየአሥራ አንድ ወሩ ውሌን አቋርጠው፣ ሦስት ቀን ቤቴ አስቀምጠው፣ በአራተኛው ቀን እንደ አዲስ ስለሚቀጥሩኝ አመሰግናለሁ። ደንቡ ዓመት የሞላው ሠራተኛ በነፃ ይታከም ይላል፤ በእርስዎ ጥበቃ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ዓመት ሞልቶኝ አያውቅም። በየቅጥሩ ያስገባኋቸው አሥራ ሦስት ጉርድ ፎቶግራፎች ብቻ ናቸው ፀጉሬ ሲሸብት ያዩት።

፪ኛ. አንሶላ አስተጣጠፍ ያስተማርኳት የክፍል ኃላፊዬ፣ ሥራውን መልመድ እችል እንደሆነ በየሙከራ ጊዜዬ እንድትገመግመኝ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ዘንድሮ «ተስፋ ሰጪ ናት» ብላ ጽፋልኛለች። የገዛ ልጄ እንኳ እንዲህ አሞግሳኝ አታውቅም።

፫ኛ. አሁን ወደ እጄ ልምጣ። ባለፈው ወር፣ ውሌ ተቋርጦ ቤቴ ከተቀመጥኩባቸው ሦስት ቀናት በሁለተኛው፣ የአንሶላ መተኮሻው ማሽን ቆመ። የማሽኑን ጠባይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝና ኃላፊዋ ደውላ፣ ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ ንጹሕ አንሶላ አልቋልና ድረሽልን ብትለኝ፣ የጫማዬን ክር እንኳ ሳላስር ሮጥኩ። ማሽኑን አስነሣሁት፤ እሱም ሲነሣ የቀኝ እጄን ሦስት ጣቶች ይዞ ተነሣ። ከእንግዲህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገልኝ ጣቶቼ ዳግመኛ እንደማይታጠፉ ሐኪሙ ነግሮኛል። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ከማጠቢያ ክፍላችን በላይ ባለው ፎቅ ነው፤ አንሶላውን አጥቤ የምልክለት እኔ ነኝ። ክቡርነትዎ ግን «አመልካቿ በዕለቱ በክፍሉ ውል ያላት ሠራተኛ ስላልነበረች የሚታከም ጉዳት የለም» ሲሉ ጽፈውልኛል።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ለካ ይህ ኖሯል። እውነቱን ልንገርዎትና አዝኛለሁ፤ ከማዘንም አልፌ ተቃጥያለሁ። የእጅ ጽሑፌ ቢያስቸግርዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በግራ እጄ ነው የጻፍኩት፣ እሷም ገና በሙከራ ላይ ናት።

ለአሥራ አራተኛው ጉርድ ፎቶግራፍ በትሕትና የምትዘጋጀው፣
ምንጊዜም አዲስ ተቀጣሪዎ
እትዬ ጊዜያዊ

ግልባጭ፦ ሁሉም ለሚያልፍበት የማስታወቂያ ሰሌዳ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ይህን እየጻፍኩ ሳለ ኃላፊዋ ደወለች። ማሽኑ ዛሬም ቆሟል፣ ፎቁም አንሶላ አልቆበታል አሉ። በደስታ በመጣሁ ነበር፤ ነገር ግን የክቡርነትዎን ደብዳቤ ማክበር ይገባኛል። ባለፈው ወር ማሽኑን ያስነሣችው በዕለቱ ያልነበረች ሴት ናትና፣ እባክዎ ዛሬም እሷኑ ያስጠሯት።